«የቄሣር ወዳጅ» እና «የኛ ሰው»

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ረቡዕ ማታ እዚህ ጅማ በቤት ጥናታችን ዮሐንስ ወንጌል 19ን ስናነብ ቁጥር 12 ላይ ቆመን ቀረን። የጌታ ኢየሱስ ከሳሾች፣ ሊፈታው የፈለገውን ሮማዊውን ገዥ ጲላጦስን «ይህንስ ብትፈታው የቄሣር ወዳጅ አይደለህም» ይሉታል።

እኛ ወዳጅ ስንል ቡና አብሮን የሚጠጣውን ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሮም ግዛት «የቄሣር ወዳጅ» የክብር ስም ነበር፤ ለቄሣር ታማኝነቱ የታወቀለት ሹም ይጠራበታል። በሐዋርያት ሥራ 12 ላይ የምናገኘው ሄሮድስ በሳንቲሞቹ ላይ ሳይቀር «ፊሎካይሳር»፣ ቄሣር ወዳድ፣ ብሎ አስቀርጾታል።

ስለዚህ ለጲላጦስ የተነገረው ማስፈራሪያ ነው። በእኛ አማርኛ «ለካ የኛ ሰው አይደለህም!» እንደማለት። ይህችን ቃል የማያውቅ ሠራተኛ አለ? ዕድገት ሲመጣ፣ ቅጥር ሲወጣ ቀድማ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ «የኛ ሰው ነው?» ችሎታው በኋላ ይታያል።

ጲላጦስ እውነቱ አልጠፋውም። ሦስት ጊዜ በደል አላገኘሁበትም ብሏል። ግን ወንበሩ የጢባርዮስ ቄሣር ነው፣ ክሱ ሮም ቢደርስስ? እያወቀ አሳልፎ ሰጠው። የካህናት አለቆች ደግሞ ይባስ ብለው «ከቄሣር በቀር ሌላ ንጉሥ የለንም» አሉ። «እግዚአብሔር ነገሠ» የሚለውን መዝሙር በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች! እኔን ከጲላጦስ በላይ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

ግብር መክፈል፣ ሹምን ማክበር፣ ለመሪዎች መጸለይ ታዘናል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ጌታ በዋዜማው ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ «ወዳጆች ብያችኋለሁ» ብሏቸው ነበር (15፥15)። በግሪኩ ያው ቃል ነው፣ ፊሎስ። የቄሣር ወዳጅ ወንበሩን ለማትረፍ ሰው አሳልፎ ይሰጣል። ይህኛው ወዳጅ ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ሰጠ።

ይህን የምጽፈው እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ልጅ በፈተናው አንደኛ ወጣ። ሰብሳቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ የኛ ሰው አይደለም» አለ። ሁላችንም ወረቀቱን አየን፣ ዝም አልን። ቃለ ጉባኤው ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ፈረምኩ። ማታ ለጸሎት ስንበረከክ ቃል አልወጣኝም።

ልጁ አሁን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሱቅ አለው። ሲያየኝ «ጋሼ፣ ደኅና ዋሉ?» ይለኛል። ከጥናቱ ማግስት ሄጄ ነገርኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የሚመዝነውን ስኳር ሚዛኑ ላይ ትቶ ዝም ብሎ አየኝ። ቀጥሎ በርጩማ ሳበልኝና «ያኔም አውቄ ነበር፣ ጋሼ። ይቀመጡ» አለኝ።