በልብ ደም ቧንቧ ሲቲ ስካን «በቂ ምስል» የሚባለው ምንድን ነው?

የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ልብ በመታ ቁጥርም አብረው ይናጣሉ። «በቂ ምስል» የሚባለው ሐኪሙ እነዚህ ቧንቧዎች መጥበብ አለመጥበባቸውን በእርግጠኝነት እንዲለይ የሚያስችለው፣ ከዚያ አልፎ ግን ለውበት ሲባል ተጨማሪ ጨረር ያልባከነበት ምስል ነው።

ጨረሩ ሲያንስ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ክረምት ላይ ከደሴ ፒያሳ ቆሞ ጦሳን በጉም ውስጥ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ተራራው ይታያል፣ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ግን አይለዩም። ችግሩ ይህን ብዥታ በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እጅግ ያማረው ምስል ሁልጊዜ የተሻለው ምስል አይደለም።

የጨረሩ መጠን በሚሊሲቨርት ይለካል። ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይደርሰዋል። (ከጠፈር የሚመጣው ድርሻ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚያድግ የደሴ ነዋሪ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ከምትገኘው ኮምቦልቻ ነዋሪ ጥቂት የበለጠ ይደርሰዋል፤ በዚህ ሰበብ ከደሴ የለቀቀ ሰው ግን አልሰማሁም።) በልዩ ልዩ አገሮች ሆስፒታሎች በተደረጉ ቅኝቶች መሠረት አንድ የልብ ቧንቧ ሲቲ ስካን በ2007 እ.ኤ.አ. 12 ሚሊሲቨርት ያህል ይወስድ የነበረ ሲሆን በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 3 ሚሊሲቨርት ግድም ወርዷል።

መጠኑ የቀነሰው ምስሉ እንዲደበዝዝ ተፈቅዶ አይደለም። ቀድሞ ልብ እየመታ ሳለ ያለማቋረጥ ይለቀቅ የነበረው ጨረር አሁን የልብን ምት በሚከታተለው የኤሌክትሪክ መመዝገቢያ (ኢሲጂ) እየተመራ ልብ በምትና በምት መካከል ጸጥ በምትልበት ቅጽበት ብቻ ይለቀቃል። ቀጭን ሰውነት ላላቸው ታካሚዎች ደግሞ የማሽኑ ኃይል ከ120 ወደ 100 ኪሎቮልት ዝቅ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ጨረሩ ከመቀነሱም በላይ ቧንቧው በምስሉ እንዲለይ በደም ሥር የተሰጠው አዮዲን ይበልጥ ደምቆ ስለሚታይ ቧንቧው ጎልቶ ይወጣል። የተረፈውን ብዥታ የኮምፒውተር ስሌት ያጠራዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልብ በእርጋታ ስትመታ ነው። ምቷ በደቂቃ ከ60 ብዙም የማይበልጥ ከሆነ የጸጥታዋ ቅጽበት ይረዝማል፤ ስትፈጥን ግን ቅጽበቷ ስለሚያጥር ማሽኑ ጨረሩን ለረዘመ ጊዜ ይለቃል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞች ከምርመራው በፊት ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ለዚህ ምርመራ የሚገባ ሰው ቡናም ሆነ ጫት ልብን እንደሚያፈጥኑ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ለወሎ ሰው ያለ ቡና ማደር ቀላል ባይሆንም።

በሌላ በኩል ጨረሩን ከልክ በላይ መቆጠብ በእኔ አስተያየት የከፋው ስህተት ነው፤ ሊነበብ ያልቻለ ምስል ምርመራው እንዲደገም ስለሚያደርግ ታካሚው የመጀመሪያውን ጨረር በከንቱ ተቀብሎ ሁለተኛውን ይጨምርበታል።