ጊታርን ያለ አስተማሪ መልመድ

ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በራሱ ከሚለምዳቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል ጊታር ከፊት ይሰለፋል። ምክንያቱ ብዙም አያስቸግርም። ቫዮሊን የጀመረ ሰው ትክክለኛውን ድምፅ ክሩ ላይ ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ወራት ይፈጅበታል። ጊታር ላይ ግን አንገቱን የሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ ድምፁ የት እንዳለ አስቀድመው ወስነውታል። ሁለት ሦስት ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ፣ የያዘ ሰው ዘፈን ማጀብ ይጀምራል። ይሄ ቀላል አጀማመር ብዙ ሰው ይስባል። ከተሳበውም ብዙው ከጥቂት ወር በኋላ ጊታሩን ጥግ አስደግፎ ይረሳዋል።

ራሳቸውን አስተማሩ ከሚባሉት ዝነኞች አንዱ የሮክ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። ግራኝ ስለነበር የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹንም አዟዙሮ አስሮ ይጫወት ነበር። ክላሲካል ጊታርን ትልልቅ የኮንሰርት አዳራሽ ካስገቡት አንዱ የሆነው ስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያም በአብዛኛው በራሱ የተማረ ነው። የጃዙ ሰው ዌስ ሞንትጎመሪ ደግሞ ኖታ አያነብም ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው የጃዝ ጊታሪስቱን የቻርሊ ክርስቲያንን ሸክላዎች ደጋግሞ እያዳመጠ ሶሎዎቹን በጆሮው ለቅሞ ያዛቸው። ክር መምቻዋን ስስ ቁራጭ፣ ፒክን፣ ትቶ በአውራ ጣቱ የሚመታውም ሌሊት ሲለማመድ ሰው እንዳይረብሽ ብሎ ነው ይባላል።

እንግዲህ ሞንትጎመሪ አስተማሪ አልነበረውም ማለት ለእኔ ልክ አይመስለኝም። ሸክላው ነበር አስተማሪው። ሸክላ ግን ያሰማል እንጂ አይሰማም፤ «አውራ ጣትህን ምን አድርገኸው ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ዛሬ በቪዲዮ የሚማረውም ሰው ችግሩ ያው ነው። ትምህርቱ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚያዳምጠው ሰው ነው። ስለዚህ በራሱ የሚማር ሰው ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ይጫወታል፣ ራሱንም ያዳምጣል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ ለጀማሪ የሚቀርቡት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ለጣት ለስላሳ ነው፣ አንገቱ ግን ሰፊ ነው። የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ድምፁ ደማቅ ነው፣ ጣትን ግን ያቃጥላል። ኤሌክትሪኩ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ለመጫን ከሁሉም ይቀላል፣ ማጉያ ግን ይፈልጋል። የትኛውን እንደምትመርጡ የምትወዱት ሙዚቃ ይወስን፤ «መጀመሪያ በከባዱ ልመድ» የሚለው ምክር አይገባኝም። ክላሲካል ላይ ግን የብረት ክር እንዳታስሩ። ጉልበቱ ስለሚበዛበት ክሩ የታሰረበትን እንጨት ከሰውነቱ ሊገነጥለው ይችላል። ሌላው መታየት ያለበት ክሩ ከፍሬቶቹ በላይ ያለው ከፍታ ነው። ከአንገቱ ጫፍ ሲቆጠር 12ኛው ፍሬት ላይ አኩስቲክ ከሆነ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ፣ ክላሲካል ከሆነ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ቢሆን ደህና ነው። ከክሩ ሥር እርሳስ የሚያሾልክ ጊታር ከሆነ ግን ስንፍናው የእናንተ አይደለም። ባለሙያ ያስተካክለው።

ከዚያ መቃኘት ይመጣል። የተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን ቱነር በደቂቃ ውስጥ ይጨርስላችኋል፣ ተጠቀሙበት። ግን አንዳንዴ ቱነሩን ዝጉና በጆሮ ሞክሩት። ወፍራሙን 6ኛ ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑት የሚወጣው ድምፅና ሳይጫኑት የሚመታው የ5ኛው ክር ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። አብራችሁ ስትመቷቸው ትንሽ ከተለያዩ ድምፁ «ዋው ዋው ዋው» እያለ ይዋልላል። የ5ኛውን ክር ማጥበቂያ ቁልፍ ቀስ አድርጋችሁ ስታዞሩ መዋለሉ እየዘገየ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። በቃ፣ ተቃኘ። ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ 2ኛውን ክር ስትቃኙ ብቻ 3ኛውን የምትጫኑት 4ኛው ፍሬት ላይ ነው። እኔ በጀመርኩ ሰሞን አንዱን ክር እየመታሁ የጎረቤቱን ቁልፍ አዞር ነበር። ድምፁ ንቅንቅ አልል ሲለኝ የበለጠ አዞርኩ። ቀጭኗ ክር ፊቴ ላይ ተበጥሳ ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲህ ከማዞሬ በፊት ክሩን በዓይኔ እስከ ቁልፉ ድረስ እከተለዋለሁ።

ኮርድ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ጣቶቹ ሥዕሉ ላይ ያሉት ቦታ ስለተቀመጡ ብቻ ጨረስኩ ብሎ ስለሚያስብ ነው። ሲ ሜጀርን እንውሰድ። የቀለበት ጣት 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ መሃል ጣት 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ ሌባ ጣት 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት። 6ኛው ክር አይመታም። አሁን ሁሉንም ጠርጋችሁ አትምቱ፤ ከ5ኛው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ንኳቸው። ብዙ ጊዜ 1ኛው ክር «ጥፕ» ይልና ይሞታል፤ ሌባ ጣት ተኝቶ ነክቶታል ማለት ነው። 3ኛው ከሞተ ደግሞ መሃል ጣት ነው ጥፋተኛው። ጣቱን ጫፉ ላይ አቁሙት፣ የግራ እጅ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ አውራ ጣታችሁን ከአንገቱ ኋላ አድርጉ። ጣቱ ደግሞ ፍሬቱ ላይ ሳይወጣ ጥግ ጥጉን ይጠጋ። መሃል ላይ ከተጫነ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፣ ድምፁም ይንጫጫል። አንድ ኮርድ ላይ እንዲህ አሥር ደቂቃ ማጥፋት ያሰለቻል፣ አልዋሽም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ከኮርድ ወደ ኮርድ መሻገር ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ነገር የትኛው ጣት መንቀሳቀስ እንደማያስፈልገው ማየት ነው። ከኤ ማይነር ወደ ሲ ስትሄዱ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ካሉበት አይነሱም፣ የሚዘዋወረው የቀለበት ጣት ብቻ ነው። ጀማሪ ግን ሦስቱንም ያነሳና እንደገና ፍለጋ ይገባል።

ቀኝ እጅን ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። ግራው ሲዘገይ ቀኙ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ዘፈኑም ይንተባተባል። ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖምን፣ በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉና ቀኝ እጃችሁ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሳያቋርጥ ይወዛወዝ። ኮርዱ ካልደረሰ ባዶ ክር ምቱና እለፉ። የተሳሳተ ኮርድ በልኩ ከተመታ ሰሚ ይቅር ይላል፣ የቆመ ምት ግን ጆሮ ውስጥ ይሰነቀራል።

ታብ የሚባለው አጻጻፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ባለውለታ ነው። ስድስት መስመር አለው፤ የታችኛው ወፍራሙ ክር ነው፣ ቁጥሩ ፍሬቱን ይነግራል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሉት የሚባለው የድሮ ባለክር መሣሪያ ተጫዋቾች በ16ኛው ክፍለ ዘመንም ተመሳሳይ አጻጻፍ ነበራቸው። ድክመቱ የት እንደሚጫን እንጂ መቼ እንደሚመታ ብዙ ጊዜ አለመናገሩ ነው። መቼውን ከዘፈኑ መስማት ግድ ነው።

የጣት ጫፍ ሕመም በጥቂት ሳምንት ቆዳው ሲጠነክር ይለቃል። በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ መያዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከመገተር ይሻላል፣ ለቆዳውም ለጭንቅላቱም። የእጅ አንጓ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ አቁሙና አያያዛችሁን እዩ። በተለይ ኤፍ ኮርድ ላይ ይመጣል፣ ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር እንዲጫን ስለሚጠየቅ። ጣቱን ወደ ጎኑ፣ ወደ አጥንቱ በኩል አዘንብሉት። ልምምዱንም 5ኛው ፍሬት አካባቢ ጀምሩ፤ እዚያ ክሩ ይላላል። ወደ ታች 1ኛው ፍሬት ቀስ እያላችሁ ትመጣላችሁ።

የጠፋውን አዳማጭ ቦታ በከፊል የሚተካው የስልክ መቅጃ ነው። ቅዱና ወዲያው አትስሙት፣ በማግስቱ ስሙት። ስንጫወት ጭንቅላታችን የሚሰማው ልንጫወት ያሰብነውን ነው፤ በማግስቱ ግን የወጣው ድምፅ ብቻ ይቀራል። የራሴን የመጀመሪያ ቅጂ ስሰማ ኮርዶቹ እንዳሰብኩት አልከፉም ነበር። የገረመኝ እግሬ ነው። ምት ይጠብቅልኛል ብዬ መሬቱን ስደቃበት የነበረው እግር፣ ቀላሉ ቦታ ላይ ይሮጣል፣ ኮርድ መቀየሪያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ከእጄ ጋር አብሮ ቆሞ ይጠብቃል።