ካርቦን 14 ምንድን ነው? ደግሞስ የማንን ዕድሜ ነው የሚለካው?

«ድንቅነሽ በካርቦን 14 ተለክታ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗት ተገኘች» ተብሎ ስንቴ ይጻፋል? አልተለካችም፤ ልትለካም አትችልም። ካርቦን 14 በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ የሚፈራርስ የካርቦን ዓይነት ነው፤ ዕድሜ የመለካት አቅሙም እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ነው። የድንቅነሽ ዕድሜ የታወቀው አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። ሐዳር ላይ በተገኘችበት የአፈር ንብርብር ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በውስጡ በተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ተለክቶ ነው። አመዱ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆነው፤ እሷ ከአመዱ በላይ ስላለች ዕድሜዋ ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል።

ይህን ሲሰማ ሌላው አስተያየት ሰጪ ደግሞ ብድግ ይላል፦ «በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ ተለክቶ 2,000 ዓመት አልፎታል ተብሏል፤ ስለዚህ ዘዴው በሙሉ ውሸት ነው።» ሁለቱም ሰዎች የሳቱት አንድ ነገር ነው። ካርቦን 14 የሚነግረን አንድ አካል ከከባቢ አየር ካርቦን መቀበል ካቆመ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ እንጂ «የነገሩን ዕድሜ» አይደለም።

ኮስሚክ ጨረር ናይትሮጅንን ወደ ካርቦን 14 እንደሚለውጥ፣ ዕፅዋት በካርቦን ዳይኦክሳይድ በኩል እንደሚወስዱት፣ እንስሳትም ከዕፅዋት እንደሚያገኙት የታወቀ ስለሆነ ልለፈው። መጠኑን ብቻ ልብ በሉ፦ በሕያው አካል ውስጥ ካርቦን 14 ከትሪሊዮን የካርቦን አቶሞች አንዱ ያህል ነው።

ከላይ ቧንቧ የሚሞላው፣ ከታች በቀዳዳ የሚያንጠባጥብ በርሜል አስቡ። አካሉ በሕይወት እስካለ የሚገባውና የሚፈሰው ስለሚመጣጠን ከፍታው አይለወጥም። ሲሞት ቧንቧው ይዘጋል፤ ቀዳዳው፣ ማለትም መፈራረሱ፣ ግን አይዘጋም። ከዚያ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ ያለው በግማሽ ይቀንሳል፤ ግማሽ ዕድሜ የሚባለው ይህ ነው። ግማሹ በ5,730 ዓመት ካለቀ ቀሪው በሚቀጥለው 5,730 ያልቃል ብሎ የሚያሰላ ሰው ሞልቷል፤ በ11,460 ዓመት የሚቀረው ሩብ ነው። (እውነተኛ በርሜል እንዲህ እንደማይፈስ አውቃለሁ፤ የውሃው ፍጥነት ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ አንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ይህኛው በርሜል ግን ምንጊዜም ካለው ላይ ተመሳሳይ እጅ ነው የሚያጣው።) በ57,300 ዓመት የሚቀረው ከ1,024 አንድ እጅ ነው። ገደቡም የመጣው ከዚህ ነው።

ድንጋይ ይህ ቧንቧ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ «ሕንፃው በካርቦን 14 ተለካ» ሲባል የተለካው በኖራው ውስጥ ወይም በመሠረቱ ሥር የተገኘ ከሰል፣ እንጨት ወይም አጥንት መሆን አለበት። እንጨትም ቢሆን ያታልላል። ዛፍ ቧንቧውን የሚዘጋው ቀለበት በቀለበት ነው፤ የ400 ዓመት ዛፍ መሃል ግንዱ የሚያሳየው ከተቆረጠበት ጊዜ 400 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ብራናም እንዲሁ፤ ቁጥሩ የእንስሳው ሞት ነው፣ ጽሑፉ የተጻፈበት ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ቀንድ አውጣው እንመለስ። የእሱ ቧንቧ የተገናኘው ከከባቢ አየር ጋር ብቻ አይደለም። በኖራ ድንጋይ ላይ በሚያልፍ ውሃ ውስጥ ሲኖር፣ ለቅርፊቱ የሚወስደው ካርቦን በከፊል ከድንጋዩ የተሟሟ ነው፤ የድንጋዩ ካርቦን 14 ደግሞ ከተሟጠጠ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል። በርሜሉ ገና ከመጀመሪያው ጎድሎ ነበር ማለት ነው። በባሕር ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የባሕር ፍጥረት በአማካይ በ400 ዓመት ገደማ አርጅቶ ይታያል፣ የባሕር ዓሣ አዘውትሮ የበላ ሰው አጥንትም የዚያኑ ድርሻ ይይዛል። ይህን እንደ ተደበቀ ምስጢር የሚያወሩት ሰዎች የዘነጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ጉዳዩን ከነምክንያቱ ያሳተሙት ራሳቸው ለኪዎቹ መሆናቸውን ነው።

የቧንቧው ኃይልም፣ ማለትም በከባቢ አየር ያለው የካርቦን 14 መጠን፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ዘዴውን ሲያስተዋውቅ አይለወጥም ብሎ ነበር የተነሣው። ኋላ የዛፍ ቀለበቶች ሲቆጠሩና ሲለኩ እንደዚያ እንዳልሆነ ታየ። ዛሬ ማንኛውም ቁጥር ከማስተካከያ ሰንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የ2020 (እ.ኤ.አ.) ሰንጠረዥ እስከ 55,000 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ላቦራቶሪ «3,000 ± 30» ብሎ ሲጽፍ ያ ጥሬ ቁጥር ነው። የሚቆጠረው ከ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ነው፤ የተሰላውም ሆን ተብሎ በአሮጌው የሊቢ ግማሽ ዕድሜ፣ በ5,568 ዓመት ነው። ይህን ጥሬ ቁጥር ከዛሬ ላይ ቀንሶ «የተሠራው በዚህ ዓመት ነው» ማለት ስህተት ነው። ± 30ውም ቢሆን 68 በመቶ ዕድል ያለው ክልል እንጂ አጥር አይደለም። አንዳንድ ዘመን ደግሞ ጭራሽ አይለይም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ያሉ ናሙናዎች የሚሰጡት ጥሬ ዕድሜ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ትክክለኛው መልስ የመቶዎች ዓመት ስፋት ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን «በዳይኖሰር አጥንት ውስጥ ካርቦን 14 ተገኘ፣ 40,000 ዓመት ተባለ» የሚለው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ፈጽሞ ባዶ በሆነ በርሜል ውስጥ የዛሬ ውሃ ጠብ ቢል፣ ከሙሉው 0.7 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ የሚነበበው 40,000 ዓመት ነው። 1 በመቶ ከሆነ 37,000 ይሆናል። ያን ያህል ብክለት ለማስገባት ባክቴሪያ፣ ከአፈር የሰረገ ውሃ ወይም የእጅ ቅባት ይበቃል፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ተቃጥሎ ወደ ግራፋይት ሲለወጥም ትንሽ ይገባበታል። ለዚህ ነው ካርቦን 14 የሌለበት መቆጣጠሪያ ናሙና ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚለካው። በተቃራኒው፣ 1 በመቶ የሞተ (ካርቦን 14 የተሟጠጠበት) ካርቦን አንድን ናሙና የሚያስረጀው በ80 ዓመት ብቻ ነው። የዛሬ ብክለት የሚጎዳው ጥንታዊውን ናሙና ነው።

ስለዚህ ናሙና በባዶ እጅ አይነካም፤ በንጹሕ ብረት መቆንጠጫ ተነሥቶ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል እንጂ በጥጥ ወይም በወረቀት አይታሸግም፣ ሁለቱም ካርቦን ናቸውና። ሙጫ የተቀባ ቅርስ ከሆነ የሙጫው ዓይነት መጻፍ አለበት፦ ከነዳጅ የተሠራ ሙጫ ያስረጃል፣ ከእንስሳ የተሠራው ብዙ ጊዜ ያሳንሳል። ከሰል በአሲድ፣ በአልካሊ፣ ከዚያ እንደገና በአሲድ ይታጠባል፤ የመጀመሪያው አሲድ ኖራውን፣ አልካሊው ከአፈር የገባውን ብስባሽ ያወጣል፣ የመጨረሻው አሲድ ደግሞ አልካሊው ከአየር የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወግዳል። ዛሬ አቶሞቹን አንድ በአንድ የሚቆጥረው መሣሪያ የሚፈልገው 1 ሚሊግራም ያህል ካርቦን ነው፤ ያረጀው ዘዴ፣ መፈራረሱን ጠብቆ የሚቆጥረው፣ ግራሞች ይጠይቅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ግራም የዛሬ ካርቦን በደቂቃ 14 ጊዜ ገደማ ሲፈራርስ፣ የ50,000 ዓመቱ ግራም በግማሽ ሰዓት አንዴ ነው። አጥንት ሲሆን የሚለካው ኮላጅኑ፣ ማለትም የአጥንቱ ፕሮቲን፣ ነው፤ ከአጥንቱ ክብደት 1 በመቶ ያህል እንኳ ካልተገኘ፣ ብዙ ላቦራቶሪዎች ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ናሙናውን ይመልሱታል።