ቴርሞፎርሚንግ ምንድን ነው? ጠፍጣፋ አክሪሊክ እንዴት ይታጠፋል?

ጠረጴዛ ላይ የሚቆም የብሮሹር ማስቀመጫ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጀርባው፣ ኪሱና እግሩ አንድ ወጥ ነው። መጋጠሚያ የለውም፤ የማጣበቂያ ምልክትም የለውም። ሲጀመር ጠፍጣፋ የአክሪሊክ፣ ማለትም እንደ መስታወት የሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ሉህ ነበር። ሞቀ፣ ለሰለሰ፣ ታጠፈ፣ ቀዘቀዘ፤ በቃ። ቴርሞፎርሚንግ የሚባለው ይኼ ነው፦ የፕላስቲክ ሉህን ሳያቀልጡ በሙቀት አለስልሶ ቅርጽ ማስያዝ።

«ሳያቀልጡ» የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። በረዶ 0 ዲግሪ ላይ ድንገት ውኃ ይሆናል። አክሪሊክ እንዲህ አይደለም። የተሠራው ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ከሚባሉ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ነው፤ ሰንሰለቶቹም እንደተተበተበ ክር እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ሉሁ ቀዝቃዛ ሳለ ክሩ ደርቆ ይቆያል። ሙቀቱ ወደ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሰንሰለቶቹ መላወስ ይጀምራሉ። ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሲደርስ ሉሁ እንደ ወፍራም ላስቲክ ይልፈሰፈሳል፤ በጓንት ይዛችሁ እንደፈለጋችሁ ታጥፉታላችሁ። ፈሳሽ ግን አልሆነም። ትብትቡ አልተፈታም።

ከዚህ አንድ የሚገርም ነገር ይመጣል። የታጠፈን አክሪሊክ መልሳችሁ ኦቭን ውስጥ ብታስገቡት፣ ማንም ሳይነካው ተዘርግቶ ወደ ጠፍጣፋነቱ ይመለሳል። ሰንሰለቶቹ ተለጥጠው እንጂ ቦታቸውን ለቀው አልነበረማ! ለጀማሪ ደስ የሚል ባሕርይ ነው፤ አጣሞ ያጠፈውን እንደገና መሞከር ይችላል።

ቀላሉ አሠራር በመስመር ማጠፍ ነው። በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ ሉሁ ሽቦውን ሳይነካ ከበላዩ ይቀመጣል። ሉሁ ላይ የተለጠፈው መከላከያ ላስቲክ ወይም ወረቀት አስቀድሞ ይላጣል። አክሪሊክ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ የሚለሰልሰው መታጠፊያው መስመር ብቻ ነው፤ የቀረው ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ጣጣውም እዚሁ አለ፦ ፊቱ ሞቆ ልቡ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ወፍራም ሉህ እየተገላበጠ ከሁለቱም ወገን መሞቅ አለበት። ስታጥፉት እምቢ ካለ አትታገሉት። አልደረሰም ማለት ነው፤ መልሱት።

ቅርጹ ከአንድ መስመር የሰፋ ከሆነ ግን ሉሁ በሙሉ ኦቭን ይገባል። ሲለሰልስ ፎርማ ላይ ይጋደማል፤ ወይም አየሩ ከሥር እየተመጠጠ ፎርማው ላይ ይለጠፋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ፎርማ የሌለው ነው። የሉሁ ዳር ዳር በቀለበት ይያዝና ከሥሩ አየር ይነፋበታል፤ እንደ ሳሙና አረፋ አብጦ ጉልላት ይሠራል። ፊቱ ምንም ነገር ስላልነካው ጥርት ያለ ሆኖ ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፐርስፔክስ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው አክሪሊክ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ መከለያ የሆነውም ለዚህ ዓይነቱ ጥራትና ቅለት ነው። አክሪሊክ የመስታወትን ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል።

ሉህ ስትገዙ «ካስት ነው ወይስ ኤክስትሩድድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካስት በሁለት መስታወቶች መካከል ፈስሶ የጠጠረ ነው፤ ኤክስትሩድድ ደግሞ በማሽን ተገፍቶ የወጣ። ካስቱ መጀመሪያ ሲሞቅ በርዝመትም በወርድም እስከ 2 በመቶ ያህል ይሰበሰባል። ኤክስትሩድዱ በወጣበት አቅጣጫ ከዚያ በላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ልኩን ጠብቃችሁ ከቆረጣችሁ በኋላ ብታሞቁት ያጥራል። ከዚያው ሉህ ትንሽ ቁራጭ አሙቃችሁ መለካት ይሻላል።

አረፋስ? ሉሁ ውስጥ ትናንሽ አረፋዎች ከወጡ ወይ ሙቀቱ በዝቷል፣ ወይ ሉሁ እርጥበት ነበረው። አክሪሊክ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። 80 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓታት ማድረቅ መፍትሔ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አማራጭ የለውም።

በዓይን የማይታየው ችግር ግን ከዚህ ይብሳል። በደንብ ሳይሞቅ የታጠፈ ወይም በድንገት የቀዘቀዘ ሉህ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። በሌዘር የተቆረጠ ጠርዝም እንዲሁ ነው፤ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል እንጂ ውስጡ ተወጥሯል። እዚያ ላይ አልኮል ወይም ቀጭን የአክሪሊክ ማጣበቂያ ሲነካው ውጥረቱ መውጫ ያገኛል፤ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ደቂቃ ሳይሞላ ይረጫሉ። መድኃኒቱ የተሠራውን ዕቃ ለስላሳ ከሚሆንበት በታች፣ ወደ 80 ዲግሪ አሙቆ ማቆየትና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። ይኼ የሚደረገው ከመጣበቁ በፊት ነው።

አንዳንዴ ዕቃው ተሠርቶ፣ ተሸጦ፣ ወራት ተቀምጦ አንድ ሰው በመስኮት ማጽጃ ይወለውለዋል። መታጠፊያው ላይ ብቻ ነጫጭ ጭረት ይወጣል። ያኔ የሚወቀሰው ማጽጃው ነው። ግማሹ ጥፋት ግን ሉሁን ከሽቦው ላይ ቶሎ ያነሳው ሰው ነው።