ቡት ሞድ ምንድን ነው? አሮጌ ኮምፒውተር «ዊንዶው አልጭንም» ሲል

አዳማ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ጎራ ብትሉ ጠረጴዛው ላይ የምታገኙት በአብዛኛው ዩዝድ ዕቃ ነው። አሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኮምፓክ፣ ማጠፊያው የላላ ቶሺባ። የባለቤቱ ጥያቄም ያው ነው፤ «ፎርማት አድርግልኝ»። በሰላም ካለቀ እሰየው። አንዳንዴ ግን ፍላሹ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩ ዞር ብሎም አያየውም። ወይም ዊንዶው መጫን ይጀምርና ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ሲደርስ «እዚህ ዲስክ ላይ አልጫንም» ብሎ ድርቅ ይላል። ይሄኔ ቶሎ የሚመጣው ፍርድ «ሃርዱ ሞቷል፣ ቀይረው» ነው።

ሃርድ ዲስክ ይሞታል፣ አልክድም። ግን በዚህ ሰበብ ሞቱ ከተባሉት ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ያልተግባባው ቡት ሞዱ ነው።

ቡት ሞድ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን (ለምሳሌ ዊንዶውን) ፈልጎ የሚያስነሳበት መንገድ ነው። መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ሌጋሲ ወይም ባዮስ ይባላል፣ አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ፍላሹ በአንዱ መንገድ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ በሌላው ከፈለገው አይገናኙም። ምንም ሳይበላሽ ሥራው ይቆማል።

ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ፓወር ስትነኩ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶው አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን ይፈትሽና ሥራውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ይህ ፕሮግራም ባዮስ ነበር፤ ለሠላሳ ዓመት ያህልም ዘለቀ።

ባዮስ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የዲስኩን የመጀመሪያ ቁራጭ ብቻ ነው። 512 ባይት ናት። እሷን ያነብና የተጻፈባትን ይፈጽማል፣ አለቀ። አገር ሳያውቅ መጥቶ የመንደሩን የመጀመሪያ ቤት አንኳኩቶ «ቀጥሎ ወዴት ልሂድ?» እንደሚል እንግዳ ነው። ያቺ ቁራጭ ኤምቢአር ትባላለች። በ1983 ከዶስ 2.0 (ከዊንዶው በፊት የነበረ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጋር የመጣች ናት። ከ512 ባይቷ 446ቱ ማስነሻ ኮድ ነው። 64ቱ የፓርቲሽን (ዲስኩ የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) ዝርዝር ነው፣ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን 16 ባይት። የቀሩት ሁለቱ ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። 64ን ለ16 ስታካፍሉ አራት ታገኛላችሁ። ኤምቢአር ዲስክ ላይ ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን መክፈት ያልተቻለው ለዚህ ነው። ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አለማየቱም ከዚያው ከቁጥሮቹ ማጠር የመጣ ነው።

ኢንቴል በ1990ዎቹ ኢታኒየም ለተባለው ፕሮሰሰሩ ሌላ መንገድ ቀየሰ፣ ኢኤፍአይ። በ2005 ብዙ ኩባንያዎች ተሰባስበው ተረከቡትና ዩኢኤፍአይ ሆነ። ይሄኛው ፋይል ማንበብ ይችላል። ዲስኩ ላይ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ በተዘጋጀ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ገብቶ የማስነሻውን ፋይል በስሙ ይፈልጋል። አብሮት የመጣው የፓርቲሽን አሠራር ጂፒቲ ይባላል፤ ዊንዶው ላይ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል። በ2012 ዊንዶው 8 ሲወጣ አዳዲስ ኮምፒውተሮች በብዛት ወደዚህ ዞሩ።

እንግዲህ የሚያጣላው እዚህ ጋ ነው። ለዊንዶው ሌጋሲ ከኤምቢአር ጋር፣ ዩኢኤፍአይ ከጂፒቲ ጋር ነው። ማደባለቅ አይወድም። (ሊኑክስ የተባለው ነፃው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በዚህ ረገድ ለቀቅ ያለ ነው። ጂፒቲ ዲስክ ላይ ጥቂት ቦታ ከተለየለት በሌጋሲም ይነሳል።) እኛ ጋ የሚዞረው ኮምፒውተር ደግሞ የሁለቱም ዘመን ነው። ኮር ቱ ዱኦ (የኢንቴል የድሮ ፕሮሰሰር) ያላቸው አብዛኞቹ ሌጋሲ ብቻ ያውቃሉ። ከ2012 ወዲህ የተሠሩት ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱንም ይይዛሉ። ራስ ምታቱ የሚበዛው በእነዚህ በሁለት ልቦቹ ላይ ነው።

ፍላሹ ጭራሽ ካልታየ መጀመሪያ የተሠራበትን መንገድ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ነው የሚሠራው። መስኮቱ ላይ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚል ሳጥን አለ። አዲስ የዊንዶው ፋይል ስትሰጡት ብዙ ጊዜ ጂፒቲ ላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰው ደግሞ ሳያየው «ስታርት» ይጫናል። ያ ፍላሽ ለኮር ቱ ዱኦ ኮምፒውተር ባዶ ፕላስቲክ ነው። ሳጥኑን ወደ ኤምቢአር ቀይሩት። ከጎኑ ያለው «ታርጌት ሲስተም» አብሮ ወደ ባዮስ ሲዞር ታያላችሁ። ፋይሉን ኮፒ ፔስት አድርጎ ፍላሽ ላይ መገልበጥም የተለመደ ነው። ይሄ ለዩኢኤፍአይ ሊሠራ ይችላል፣ ፋይል ብቻ ነው የሚፈልገውና። ለሌጋሲ ግን አይሠራም፤ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ላይ ኮድ አልተጻፈማ። ለዩኢኤፍአይም ቢሆን ፍላሹ ፋት 32 መሆን አለበት፣ ፋት 32 ደግሞ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል አይቀበልም። የዊንዶው ዋና ፋይል ደግሞ አሁን አሁን ከዚያ ያልፋል።

ሁለተኛው ጣጣ ዲስክ መምረጫው ላይ የሚመጣው ነው። ቃሉ ረዘም ይላል፣ ፍሬ ነገሩ ግን «ይህ ዲስክ ኤምቢአር ነው፣ እኔ ደግሞ በኢኤፍአይ ነው የተነሳሁት፣ ጂፒቲ ካልሆነ አልጫንም» ነው። ተገልብጦም ይመጣል፣ «ዲስኩ ጂፒቲ ነው» ብሎ። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲያይ እጁ በቀጥታ ወደ «ዲሊት» ይሄዳል። ፓርቲሽኖቹን አንድ በአንድ ያጠፋና ከባዶ ይጀምራል። ይሠራል፣ ልክ ነው። ግን የሚከተለው ጭውውት ያስፈራኛል፦

«ዲ ላይ ምን አለህ ወንድሜ?»

«ምንም። የሠርጋችን ፎቶ ብቻ።»

ዲስኩ ላይ የሚፈለግ ነገር ካለ አንድም ነገር አታጥፉ። ሪስታርት አድርጉና ቡት ሜኑ ውስጥ ግቡ። ዴል፣ ሌኖቮ እና ቶሺባ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9። ሁለቱንም የሚያውቅ ኮምፒውተር ከሆነ ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፎ ልታዩት ትችላላችሁ፤ አንዱ ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» ይላል፣ ሌላው አይልም። ዲስኩ ኤምቢአር ከሆነ ዩኢኤፍአይ የማይለውን ምረጡ። ጂፒቲ ከሆነ የሚለውን። አንድ መስመር ዝቅ ወይም ከፍ ማለት ነው፤ ፎቶውም ይተርፋል፣ ዊንዶውም ይገባል። ሁለቴ ካልተጻፈ ወይ ፍላሹ ለአንዱ ብቻ ነው የተሠራው፣ ወይ ባዮስ ውስጥ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ፤ አዲሶቹ ላይም በልማድ ባዮስ ነው የሚባለው) «ሌጋሲ ሰፖርት» ወይም «ሲኤስኤም» የሚለው የሌጋሲ መንገድ ተዘግቷል። እሱን ስትከፍቱ «ሴኪዩር ቡት» (ያልታመነ ማስነሻን የሚከለክለው ጥበቃ) መጥፋት ይኖርበታል።

ዲስኩ ባዶ ከሆነ ግን መንገዱ አጭር ነው። መጫኛው ገጽ ላይ ሆናችሁ ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ስትጫኑ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። በተራ እነዚህን ጻፉ፦ ዲስክፓርት፣ ከዚያ ሊስት ዲስክ፣ ከዚያ ሴሌክት ዲስክ ከነቁጥሩ፣ ከዚያ ክሊን፣ በመጨረሻ በዩኢኤፍአይ ከተነሳችሁ ኮንቨርት ጂፒቲ፣ በሌጋሲ ከሆነ ኮንቨርት ኤምቢአር። ክሊን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። የተሰካ ኤክስተርናል ካለ ቀድማችሁ ንቀሉት፤ ቁጥር ተሳስቶ የሰው ንብረት የጠረገ እጅ ብዙ ነው። ዊንዶው 10 ያለበትን ዲስክ ዳታ ሳያጠፋ ከኤምቢአር ወደ ጂፒቲ የሚቀይር ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል መሣሪያም ከ2017 ጀምሮ አብሮት ይመጣል። ቢሆንም መጀመሪያ ባክአፕ።

ሦስተኛው ሁኔታ በጣም አታላይ ነው። ዊንዶው ተጭኖ፣ ሁሉም ሠርቶ፣ ደስ ብሏችሁ ወደ ቤት ገባችሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስታበሩት «ቡት ዲቫይስ የለም» ይላል። «ዊንዶው ጠፋብኝ» ብላችሁ ስትመለሱ እንደገና ፎርማት፣ እንደገና ክፍያ። ሰዓቱን አያችሁት? ወደ ኋላ ዓመታት ሄዶ ከሆነ ጥፋተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ናት፤ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የባዮሱንም ምርጫ። ስታልቅ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ወደወጣበት ምርጫ ይመለሳል። ዊንዶውን በሌጋሲ ጭናችሁት ምርጫው ዩኢኤፍአይ ሆኖ ካደረ አያገኘውም። ሳታ ሞዱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ፣ ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ከተቀየረ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ዊንዶው የትም አልሄደም። ባትሪውን ቀይሩ፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሞዱን ወደነበረበት መልሱ፣ ሴቭ አድርጉ። ዴስክቶፑን ማታ ማታ ከሶኬት ለሚነቅል ቤት ባትሪዋ ቶሎ ትደክማለች፤ ሶኬት ላይ ሲውል ዕረፍት ታገኛለች።

ሁሉ ነገር ቡት ሞድ ነው እያልኩ አይደለም። ዲስኩ ባዮስ ውስጥ ስሙ እንኳ ካልታየ፣ ወይም ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አዎ፣ እሱ በሽተኛ ነው። ፋይል እየገለበጠ አንዴ 20 ላይ አንዴ 60 ፐርሰንት ላይ ከቆመ ፍላሹን ወይም ራሙን ጠርጥሩ። ዊንዶው 11ን ኮር ቱ ዱኦ ላይ ለመጫን የምትታገሉ ከሆነ ደግሞ ድካሙን ተውት። ማይክሮሶፍት የሚጠይቀው ዩኢኤፍአይ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ቦታ ነው። ቲፒኤሙን የሚያዘልል ዘዴ አለ። ከ24ኤች2 (በ2024 የወጣው የዊንዶው 11 እትም) ወዲህ ያለው ግን ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ ስለሚፈልግ ጭራሽ አይነሳም። ዊንዶው 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ እንደነዚህ ዓይነት ኮምፒውተሮች ላይ እኔ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ነው የምጭነው። አማርኛም ያለ ችግር ይጻፍበታል።

አሁን የምትጠቀሙበት ኮምፒውተር በየትኛው ሞድ እንደተጫነ ለማወቅ የዊንዶውን ቁልፍና አርን ተጫኑ፣ ኤምኤስኢንፎ 32 ብላችሁ ጻፉ። የሚከፈተው ገጽ ላይ «ባዮስ ሞድ» የሚል መስመር አለ፣ ከጎኑ ሌጋሲ ወይም ዩኢኤፍአይ ይላል። ያንን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ኬዙ ጀርባ ላይ ለጥፉት። ባትሪዋ ስታልቅ ወይም ሌላ ባለሙያ ጋ ስትወስዱት «በምን ነበር የተጫነው?» ለሚለው መልሱ እዚያው አለ።