ሜካኖ፦ ባለቀዳዳ ብረት የሚገጣጥሙ ሞዴል ሠሪዎችና ዐውደ ርእያቸው

ሜካኖ ከተበሱ ቀጫጭን ብረቶች፣ ከዘንግ፣ ከባለጥርስ ጎማ፣ ከፑሌጃ፣ ከብሎንና ከዳዶ ክሬን፣ ድልድይ፣ ሎኮሞቲቭና ሰዓት የሚገጣጠምበት እንግሊዝ ወለድ መሣሪያ ነው። የተሠራው ለልጆች ነበር። ዛሬ በየዐውደ ርእዩ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመው የሚታዩት ግን በአብዛኛው ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈጣሪው የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ (1863–1936) ነው። ሥጋ ከውጭ በሚያስመጣ ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ለወንዶች ልጆቹ ላሜራ እየቆረጠ መጫወቻ ይሠራላቸው ነበር። ለአንዱ ሥራ የቆረጠው ለሌላው አልሆን ሲለው፣ ብረቶቹን ሁሉ በእኩል ርቀት በስቶ ደጋግሞ የሚፈታና የሚገጠም አደረጋቸው። ከአሠሪው ከዴቪድ ኤሊዮት 5 ፓውንድ ተበድሮም በ1901 የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። «ሜካኖ» የሚለው ስም የመጣው በ1907 ነው። «ሠርተህ እወቅ» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ።

የሥርዓቱ ጥንካሬ ያለው በልኩ ነው። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዘንጉ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የብሎኑ ውፍረት 5/32 ኢንች ነው። ባለጥርስ ጎማዎቹም ከዚሁ ልክ ጋር እንዲስማሙ ተደርገው ተቆርጠዋል። ባለ 57 ጥርሱና ባለ 19ኙ ሲጋጠሙ የዘንጎቻቸው ርቀት ልክ አንድ ኢንች ሆኖ ፍጥነቱ ሦስት ለአንድ ይወርዳል። ባለ 50ውና ባለ 25ቱ በዚያው ርቀት ሁለት ለአንድ ይሰጣሉ፤ ድምራቸው ከፊተኞቹ በአንድ ጥርስ ስለሚያንስ ትንሽ ይላላሉ፣ ግን ይሠራሉ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር አለው። ባለ 25 ቀዳዳው ረጅም ብረት ቁጥር 1 ነው፤ ብሎንና ዳዶ 37 ይባላሉ። ነባር ሠሪዎች ዕቃውን የሚጠሩት በቁጥሩ ነው። በ1920ዎቹ የተሠራ ብረት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከወጣው ጋር ያለ ችግር ይታሰራል፤ ይህን የሚያህል ታማኝነት ያለው መጫወቻ ብዙ አይገኝም።

ወርቃማው ዘመን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያለው ነው። የሊቨርፑሉ የቢንስ ሮድ ፋብሪካ በ1914 ተከፈተ፤ የድርጅቱ መጽሔት በ1916፣ ክለቦችን ያስተሳሰረው የሜካኖ ማኅበር ደግሞ በ1919 ተጀመረ። እስከ 1926 ድረስ ብረቶቹ ቀለም አልነበራቸውም፤ በዚያ ዓመት ቀይና አረንጓዴ፣ በ1934 ሰማያዊና ወርቃማ መጡ። ዛሬም ብዙ ሠሪዎች የአንዱን ዘመን ቀለም ከሌላው ጋር አያቀላቅሉም። ኩባንያው ግዙፉን የወደብ ክሬን ለመሳሰሉ ትልልቅ ሞዴሎች የተለየ መመሪያ ያትም ነበር፤ ይህ ክሬን እስካሁን የአንድ ሠሪ ችሎታ መለኪያ ተደርጎ ይቆጠራል።

የዘመኑ ትልቁ ክብር ግን የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። የማንችስተሩ ፕሮፌሰር ዳግላስ ሃርትሪ በአሜሪካ የቫኔቫር ቡሽን የስሌት ማሽን አይተው ሲመለሱ፣ ከተማሪያቸው ከአርተር ፖርተር ጋር በ1934 በ20 ፓውንድ ገደማ ወጪ የሜካኖ አምሳያውን ሠሩ። ማሽኑ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (የለውጥን ፍጥነት የሚገልጽ የሒሳብ ቀመር) የሚፈታው በሚሽከረከር ዲስክ ላይ በሚንከባለል ጎማ ሲሆን፣ ስሕተቱ 2 በመቶ ያህል ነበር። ይህ እንግዲህ የመጫወቻ ዕቃ ነው! ካምብሪጅም ተከትሎ የራሱን ሠራ፤ ያ ማሽን ዛሬ በኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ግድቦችን ለመታው ነጣሪ ቦምብ ስሌት ውሏል የሚል ወሬ አለ። ወሬው ደስ ይላል፣ ማረጋገጫው ግን ደካማ ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ከጦርነቱ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ኩባንያው በ1964 ለመጫወቻ አምራቹ ላይንስ ብራዘርስ፣ ቀጥሎም ለሌላው አምራች ለኤርፊክስ ተላልፎ ቢንስ ሮድ በ1979 ተዘጋ።

ተመሳሳይ መሣሪያዎች በሌሎች አገሮችም ነበሩ። አሜሪካ ኢሬክተር የተባለውን በ1913 አወጣች፤ መልካም መጫወቻ ነው። የቼኩ ሜርኩር ግን ከበድ ያለ አክብሮት ይገባዋል፦ ኬሚስቱ ኦቶ ቪክተርሌ በ1961 የገና ዋዜማ፣ ቤታቸው ተቀምጠው የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ የዐይን ሌንሶች ያወጡት ከሜርኩር ብረትና ከብስክሌት ዲናሞ በገጣጠሙት ማሽን ነው።

ፋብሪካው ሲዘጋ ሠሪዎቹ አልተበተኑም። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስኬግነስ የሰሜን ሚድላንድስ ሜካኖ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀው ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ከየአገሩ ሰው ይስብ ነበር፤ ፈረንሳይና ኒው ዚላንድም የየራሳቸው ማኅበራት አሏቸው። ዓለም አቀፉ የሜካኖ ሰዎች ማኅበር በ1989 ተቋቋመ። በዐውደ ርእይ ላይ ሞዴሉ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ሞተሩ ይበራል፣ ጎብኚው ይጠይቃል፣ ሠሪው ካቻቢቴውን በእጁ ይዞ ይመልሳል። ብረት መቁረጥና አዲስ ቀዳዳ መብሳት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ያረጀ ክርክር ነው። እውነተኛው መንገድ አለመቁረጥ ነው።

የንግድ ስሙን የካናዳው ስፒን ማስተር በ2013 ገዛው፤ ሜካኖ ይመረትበት የነበረው የፈረንሳዩ የካሌ ፋብሪካም በ2024 ሥራ አቁሟል። አዲስ ጥርስ የሚፈልግ ሠሪ አሁን የሚያዝዘው በየጓዳቸው በጥቂቱ ከሚያመርቱ ሰዎች ነው። እነሱም ዕቃውን የሚሸጡት በዚያው በጥንቱ የሊቨርፑል ቁጥር ነው።