ስቅለት በመሀል አዲስ አበባ፦ ስግደቱና የካሣው ትምህርት

በዕለተ ስቅለት ከማለዳ ጀምሮ የአራዳ ጊዮርጊስ፣ የአራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴና የመስቀል አደባባዩ እስጢፋኖስ ቅጥር ነጠላ በለበሰ ምእመን ይሞላል። የሚሰገደው አምላክ ሰው ሆኖ የአዳምን ዕዳ የከፈለበት ቀን ስለሆነ ነው።

«ሞትን ትሞታለህ» የተባለው ፍርድ የእግዚአብሔር ቃል ነውና አይታጠፍም። የፈጠረውን ጥሎ መቅረትም ባሕርዩ አይደለም። ዕዳው የሰው ነው፤ ሰው ግን መክፈያ የለውም። ወልድ ሥጋ ለብሶ በሰው ፋንታ ሞተ፤ ፍትሑም ሳይጓደል ምሕረቱም ሳይቀር ካሣ ሆነ። መምህራን «ምሕረትና እውነት ተገናኙ» የሚለውን መዝሙር የሚያነሡት እዚህ ላይ ነው። አብ ተቆጥቶ ወልድ አባበለው ብሎ ማስረዳት ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ ዓለሙን ወድዶ ልጁን የሰጠው ራሱ አብ ነውና።

ሰሙነ ሕማማት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን የ5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ማለትም ሰው ገና በመስቀሉ ያልዳነበትን የቅጣት ዘመን ያስታውሳል። ስለዚህ መስቀል መሳለም የለም፤ ፍትሐትም (ለሙታን የሚደረገው ጸሎት) አይደረግም፤ በሳምንቱ ለሚያርፉት በሆሣዕና ቀድሞ ይጸለያል።

ዓርብ ጸሎቱ በ1፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ይከፈላል። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ በመሆኑ ምእመኑ ሰዓቱን አይቶ ብቻ የቱ ላይ እንደደረሰ ያውቃል፦ በ6 ተሰቀለ፣ በ9 ነፍሱን ሰጠ። በየሰዓቱ የሳምንቱ ንባብ መጽሐፍ የሆነው ግብረ ሕማማት ይነበባል፤ ከዚያ 41 ጊዜ በሚደጋገመው «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) ጉልበትና ግንባር መሬት እየነካ ይሰገዳል። ግቢው ሲጨናነቅ ግንባር ከፊተኛው ሰው ተረከዝ ይጋጫል፤ አንድ እርምጃ ክፍተት መተው ይበጃል። ንጣፍ የሌለው ድንጋይ ጉልበት ይልጣል። ጾሙ እስከ ማታ ስለሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ራስ የሚያዞራቸው አሉ፤ የታመመና ነፍሰ ጡር ቆሞ ወይም ተቀምጦ ቢጸልይ አይነቀፍም።

ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ እየጠበጠቡ ተጨማሪ ስግደት ያዛሉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ የስግደቱን ቁጥር የኃጢአት ዋጋ አድርጎ ይቆጥራል፣ ቀኑን ሙሉ ሳይመጣም ለጥብጠባው ብቻ የሚደርስ አለ። ዋጋው በመስቀል አንዴ ተከፍሏል። ስግደቱ የተከፈለለት ሰው ምስጋናና ንስሐ ነው፤ ካሣ የሚጨምር ቢሆንማ መስቀሉ ጎደለ ማለት ነበር።

በማግስቱ፣ በቀዳም ስዑር፣ ካህናት «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እያሉ ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል።